የመልቀቂያ ደብዳቤው ይቆይ፦ ሙያ ለመቀየር ለሚያስቡ የአሠራር መመሪያ

የመልቀቂያ ደብዳቤ ለመጻፍ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከደብዳቤው በፊት መሠራት ያለበት ሥራ ግን ወራት ይፈጃል፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። አንዱ ተናዶ ይለቅና የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሆንበታል። ሌላው «ዘንድሮስ እለቃለሁ» እያለ ዓመታት እዚያው ወንበር ላይ ይቆያል። ሁለቱንም የያዛቸው የመረጃ እጦት ይመስለኛል። ምኑን እንደጠሉት በትክክል አያውቁም፤ የሚሄዱበትንም ሥራ በስሙ እንጂ በውሎው አያውቁትም።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ያንን መረጃ ለመሰብሰብ ናቸው። ደመወዝ እየተከፈላችሁ፣ አለቃችሁ ሳያውቅባችሁ ልትሠሯቸው ትችላላችሁ። ሦስት አራት ወር ስጧቸው።

1. ምኑ እንደመረራችሁ ለዩ

«ሥራዬ ሰልችቶኛል» ከሚለው አባባል ጀርባ ቢያንስ አራት የተለያዩ ችግሮች ሊኖሩ ይችላሉ። አለቃው ወይም ባልደረቦቹ ሊሆኑ ይችላሉ። መሥሪያ ቤቱ ሊሆን ይችላል፤ ክፍያው፣ ሰዓቱ፣ አሠራሩ። በየቀኑ የምትሠሩት ተግባር ሊሆን ይችላል። ወይም ሙያው ራሱ። የእነዚህ መድኃኒት አንድ አይደለም። አለቃ ያስመረረው ሰው ሙያ ቢቀይር አዲሱም ቦታ ላይ አለቃ ይጠብቀዋል፤ ያውም እሱ ጀማሪ ሆኖ። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለው ይሄኔ ነው።

ለመለየት ይህን ጥያቄ ወረቀት ላይ መልሱት፦ ነገ አለቃዬ ቢቀየር፣ ደመወዜ በግማሽ ቢጨምር፣ ሰዓቱም ቢቀልልኝ፣ ይህንኑ ሥራ አምስት ዓመት እሠራለሁ? መልሱ «አዎ» ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ሲቪያችሁን አድሱና እዚያው ሙያ ውስጥ ፈልጉ። «ኧረ በፍጹም» ካላችሁ ማንበባችሁን ቀጥሉ።

ከዚያ በፊት ግን ድካምን አጣሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ላይ «በርንአውት»ን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዝግቦታል፤ በሽታ ግን አላለውም። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። አቅም ተሟጦ ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም ሁሉን በክፉ ማየት፣ «ምንም አልረባም» የሚል ስሜት። ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ሁሉም ሥራ ያስጠላዋል፤ ድሮ የሚወደውም ጭምር። ስለዚህ ያልተጠቀማችሁበት የዓመት ፈቃድ ካለ ውሰዱ። በደንብ ተኙ። ካስፈለገም ሐኪም አማክሩ። ከእረፍት መልስ ጥያቄውን እንደገና መልሱት። የሁለቱ መልሶች ልዩነት ብዙ ይነግራችኋል።

ችግሩ ተግባሩ ላይ ብቻ ከሆነ ሌላም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኤሚ ሬዝኔስኪ እና ጄን ደተን የተባሉ ተመራማሪዎች ሠራተኞች የሥራቸውን ቅርጽ ራሳቸው እንደሚያስተካክሉ ጽፈው ነበር። ካነሷቸው ምሳሌዎች አንዱ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ከፊሎቹ የታዘዙትን ጠርገው ይወጣሉ። ሌሎቹ ከታማሚውና ከአስታማሚው ጋር ያወራሉ፤ ራሳቸውን የሕክምናው አካል አድርገው ያያሉ። የሥራ መደባቸው ግን አንድ ነው። እናንተም ሙያ ከመቀየራችሁ በፊት አንድ የምትጠሉትን ተግባር ከባልደረባ ጋር መለዋወጥ፣ ወይም አንድ የምትወዱትን መጨመር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። እምቢ ቢሏችሁም የከሰራችሁት ነገር የለም።

2. የሥራ ውሏችሁን ለሁለት ሳምንት መዝግቡ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው ይህንን ነው። በየቀኑ ከሥራ ስትወጡ አምስት ደቂቃ ውሰዱ። በዕለቱ የሠራችሁትን ሦስት አራት ነገር ጻፉ። ጉልበት የሰጣችሁን «መደመር»፣ ያደከማችሁን «መቀነስ» በሉት። ቀላል ወይም ከባድ መሆኑን አትጻፉ። ከባድ ሆኖ ጉልበት የሚሰጥ ሥራ አለ፤ ቀላል ሆኖ የሚያደርቅም አለ።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ብትመዘግብ ይህን ሊመስል ይችላል፦

ሰኞ፦ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ሦስት ሰዓት። መቀነስ።
ማክሰኞ፦ አዲስ ለገባው ልጅ ኤክሴል ላይ ፎርሙላ ማሳየት። መደመር። ሰዓቱ መሄዱን አላወቅኩም።
ረቡዕ ጠዋት፦ የወሩን ሪፖርት ማዘጋጀት። መቀነስ።
ረቡዕ ከሰዓት፦ ሪፖርቱን ለኃላፊዎች ማስረዳት። መደመር። ሒሳብ የማይገባው ሰውዬ እንኳ ጥያቄ ጠየቀ።
ሐሙስ፦ የጠፋ ደረሰኝ ፍለጋ። መቀነስ፣ መቀነስ።
ዓርብ፦ የሽያጭ ክፍል በጀት ለምን እንደተቆረጠ ማስረዳት። ተጨቃጨቅን። ግን መደመር።

ይህችን ሴት «ምን ልትሆኚ አሰብሽ?» ብትሏት «ዳታ ትንተና ልማር ነው» ትል ይሆናል። ዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ የሚነግራት እሱን ነዋ። መዝገቧ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። መደመር ያለበት ቦታ ሁሉ ሰው አለ፤ የምታስረዳው ሰው። መቀነስ ያለበት ቦታ ላይ እሷና ኮምፒውተሩ ብቻ ናቸው። ዳታ ትንተና ውስጥ ብትገባ የሸሸችው ነገር በአዲስ ስምና በአዲስ ሶፍትዌር ተመልሶ ሊመጣባት ይችላል። እሷ ማየት ያለባት ወደ ሥልጠና፣ ወደ ማማከር፣ ወይም የሒሳብ ሶፍትዌር ለሚገዙ ደንበኞች አጠቃቀሙን ወደ ማለማመድ ነው። ቁጥር የማወቋ ነገር እዚያም ይከፍላታል።

ሁለት ሳምንት ያልኩት አንዱ ሳምንት በአጋጣሚ መጥፎ ሊሆን ስለሚችል ነው። ሥራችሁ ወር መጨረሻ ላይ የሚከመር ከሆነ አንዱ ሳምንት እሱን ይንካ። በጭንቅላታችሁ ለማስታወስ ደግሞ አትሞክሩ። አእምሮ የሚይዘው ጭቅጭቁንና ምስጋናውን ነው፤ በመሃል ያለው ረጅሙ ሰዓት ይጠፋል።

3. ከማዕረጉ ይልቅ ውሎውን ፈልጉ

አሁን ሦስት አማራጭ ጻፉ። አንድ ብቻ ከሆነ ትሞቱለታላችሁ፤ አሥር ከሆነ አንዱንም አታጣሩም። ለእያንዳንዱ አማራጭ አንድ ተራ ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሚመስል በሰዓት ከፋፍላችሁ ጻፉ። ስንት ሰዓት ስብሰባ? ስንት ሰዓት ለብቻ መቀመጥ? ማን ይቆጣል? ማን ያመሰግናል? መጻፍ ያቃታችሁ ቦታ ባዶ ይቅር። ያ ባዶ ቦታ የሚቀጥለው ደረጃ ጥያቄያችሁ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የምመክረው ነገር አለ። ሥራ ሁለት ገጽታ አለው፤ የምትሠሩት ተግባር እና የምትሠሩበት ዘርፍ። ከተቻለ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ቀይሩ። ነርስ የነበረ ሰው በአንድ ዝላይ የባንክ ሶፍትዌር ገንቢ ከሚሆን፣ መጀመሪያ ለጤና ተቋማት ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተጠቃሚዎችን አሠልጣኝ ቢሆን ይቀለዋል። የዎርዱን ሥራ ያውቃል፤ እዚያ ካሉት ፕሮግራመሮች ማናቸውም የማያውቁትን። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ተግባሩን መቀየር ይችላል። ሁለቱንም ባንዴ የቀየረ ሰው የቀድሞ ልምዱን በሙሉ ከዜሮ ጀምሮ ማስረዳት አለበት፤ ደመወዙም አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ይከተላል።

4. ከሥራው ውስጥ ያሉ ሰዎችን አነጋግሩ

የቅርብ ጓደኞቻችሁን ብቻ አትጠይቁ። እነሱ የሚያውቁት እናንተ የምታውቁትን ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሠራተኞችን «ያንን ሰው በዚያን ጊዜ ምን ያህል ታገኙት ነበር?» ብሎ ጠይቆ ነበር። «በተደጋጋሚ» ያሉት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። «አልፎ አልፎ» ያሉት 56 ያህል፣ «ከስንት አንዴ» ያሉት 28 ያህል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሊንክድኢን የተባለው የሥራ ትውውቅ ድረ ገጽ 20 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን ተንትኖ ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል። ሥራ በማስገኘት በኩል የበለጠ የጠቀሙት መጠነኛ ትውውቅ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ በጣም የቅርብም፣ ጭራሽ የማይተዋወቁም ያልሆኑ። የድሮ የክፍል ጓደኛ፣ የቀድሞ ባልደረባ፣ አንድ ሥልጠና ላይ የተገናኛችሁት ሰው። ስልካችሁን ከፍታችሁ ስሞቹን ቁጠሩ፤ ከምታስቡት በላይ ይሆናሉ።

መልእክቱ አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦

«ሰላም፣ እንደምን ሰነበቱ። ከዚህ ቀደም አንድ ሥልጠና ላይ ተገናኝተን ነበር። እኔ በሒሳብ ሥራ ላይ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ፤ አሁን ወደ ሥልጠና ሥራ ለመግባት እያሰብኩ ነው። ሥራዎ በየቀኑ ምን እንደሚመስል ለመረዳት 20 ደቂቃ በስልክ ቢያናግሩኝ ደስ ይለኛል። ሥራ እንዲፈልጉልኝ አይደለም፤ ሳልገባበት በደንብ ላውቀው ፈልጌ ነው።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወሳኝ ናት። ሰው ሥራ ፈልግልኝ ሲባል ይጨነቃል፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን ያወራል። ሲያናግሯችሁም «ሥራው ጥሩ ነው?» አትበሉ። «ጥሩ ነው» ብለው ይዘጉታል። ይልቅ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠሩ?» በሉ። «ባለፈው ወር በጣም ያናደደዎት ነገር ምን ነበር?» «እዚህ ሥራ ላይ ሰው ለምን ይለቃል?» «እንደ እኔ ከሌላ ሙያ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው ምን ላይ ነው?» ስለ ደመወዝ ደግሞ የግለሰቡን አትጠይቁ፤ «ጀማሪ ከስንት እስከ ስንት ይከፈለዋል?» በሉ።

ቢያንስ አምስት ሰው አነጋግሩ። ከአምስቱ አንዱ ያንን ሙያ ትቶ የወጣ ይሁን። እሱ የሚነግራችሁን ውስጥ ያሉት አይነግሯችሁም።

«የእኔ ሁኔታ ከእነሱ ይለያል» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ዳንኤል ጊልበርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሴቶች ከማያውቁት ወንድ ጋር የሚያደርጉትን የአምስት ደቂቃ ውይይት ምን ያህል እንደሚወዱት አስቀድመው እንዲገምቱ ተጠየቁ። የወንዱን ፎቶና ማንነት አይተው ከገመቱበት ይልቅ፣ ሌላ የማያውቋት ሴት ስለ እሱ የሰጠችውን አስተያየት ብቻ አይተው የገመቱበት ይበልጥ ትክክል ወጣ። አብዛኞቹ ግን ፎቶና ማንነቱን ማየት ይሻላል ብለው ነው የሚያምኑት። የሥራ ማስታወቂያ አንብቦ ራስን እዚያ ውስጥ ማለም ከፎቶው ብዙም አይለይም።

5. ሳትለቁ ሞክሩት

ኮርስ መውሰድ ሙከራ አይደለም። ሰርተፊኬት ላይ ሰርተፊኬት የሚደረድር፣ አንዴም ለሰው ሠርቶ ያላስረከበ ሰው አታጡም። ኮርስ ላይ ስህተት ብትሠሩ ማንም አይቆጣም። የሚያበሳጭ ደንበኛ የለም፤ በመሃል ሐሳቡን የሚቀይር አለቃም የለም። ሙከራ ማለት እውነተኛ ሰው የሚቀበላችሁ፣ የማስረከቢያ ቀን ያለው፣ ትንሽ ሥራ ነው። ሥልጠና ያማራት የሒሳብ ሠራተኛ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ የሁለት ሰዓት የኤክሴል ሥልጠና ሰጥታ፣ ከዚያ ደግሞ ለማያውቋት ሰዎች ትድገመው። ንድፍ መሥራት የሚፈልግ ለአንድ ትንሽ ድርጅት ሎጎ ይሥራ፤ ሦስት ጊዜ «አልወደድነውም» ይበሉት። አራተኛውን ለመሥራት አሁንም ፍላጎት ካለው ጥሩ ምልክት ነው።

የራሳችሁን ንግድ ለመጀመር የምታስቡ ከሆነ ይህ ደረጃ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ቅጥር ሥራቸውን ይዘው ንግድ ጀምረው በኋላ የለቀቁ ሰዎች፣ ገና ከጅምሩ ለቀው ከገቡት ይልቅ የመውደቅ ዕድላቸው በ33 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። አጓጊው «መመለሻ እንዳይኖረኝ መርከቤን አቃጥዬ ገባሁ» ወሬ በቁጥር ሲታይ ብዙም አያዋጣም።

ሁለት ጥንቃቄ። የቅጥር ውላችሁን አንብቡ፤ ተጨማሪ ሥራ የሚከለክል ወይም የሠራችሁትን ሁሉ የድርጅቱ የሚያደርግ አንቀጽ ሊኖር ይችላል። የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተርና ሰዓትም አትጠቀሙ። ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ «ይህን ካየሁ እተወዋለሁ» የሚል መስመር ጻፉ፤ ለምሳሌ «ሦስት ሥራ ሠርቼ አንዱም ካላስደሰተኝ»። በኋላ ላይ ራስን መሸንገል ቀላል ነው።

6. ገንዘቡን አስሉ

ስሌቱ አጭር ነው። የቤታችሁን ወርሃዊ ወጪ ውሰዱ፤ በግምት ሳይሆን ያለፉትን ሦስት ወራት አይታችሁ። ከለቀቃችሁም በኋላ የሚገባውን ገቢ ቀንሱ። ቁጠባችሁን በቀረው አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ያለ ደመወዝ የምትቆዩበት ወር ነው።

ወጪያችሁ በወር 100 ነው እንበል። የትዳር አጋራችሁ ገቢ 40ውን ይሸፍናል። ጉድለቱ 60 ነው። ቁጠባችሁ 480 ከሆነ 8 ወር ያቆያችኋል። እናንተ ደግሞ «በ5 ወር ውስጥ ሥራ አገኛለሁ» ብላችኋል። ሰፊ ጊዜ ይመስላል፤ አይደለም። ሰው የራሱን ጊዜ ሲገምት ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ የነበሩ ተማሪዎች በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው 55 ቀን ገደማ ፈጅቶባቸዋል። የእናንተም ግምት በዚያው ልክ ቢዘገይ 5 ወሩ 8 ወር ሆነ ማለት ነው። ቁጠባው እዚያው አለቀ። ስለዚህ ወይ ቁጠባ ጨምሩ፣ ወይ ወጪ ቀንሱ፣ ወይ አዲሱን ውል ሳትፈርሙ አትልቀቁ። ሦስተኛው ከተቻለ ሌላውን ሁሉ ያስንቃል።

ከደመወዝ ጋር አብሮ የሚሄደውንም ቁጠሩ። የጤና መድን፣ የጡረታ መዋጮ፣ የትራንስፖርት አበል፣ በመሥሪያ ቤቱ በኩል የወሰዳችሁት ብድር። ስትለቁ ብድሩ ባንዴ ይጠየቃል ወይ? ውሉን እዩ።

የማትቆጥሩትም ነገር አለ። «አራት ዓመት ተምሬ፣ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ እንዴት እጥለዋለሁ?» የሚለውን። ያ ዘመን ብትቀሩም ብትሄዱም ተመልሶ አይመጣም። ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት የቴአትር የወቅት ትኬት በሙሉ ዋጋ የገዙ ሰዎች በቅናሽ ከገዙት ይልቅ ብዙ ትርኢት ገብተው ተመልክተዋል። ትርኢቱ ያው ነው፤ ያስገባቸው የከፈሉት ብር ነው። ሙያ ላይም የምንቆየው አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው። መጠየቅ ያለበት የሚቀጥሉት ዓመታት ነገር ነው።

7. ከቤተሰብ ጋር ክፉውን አስቀድማችሁ አውሩ

ውሳኔው የሚነካቸው ሰዎች ባሉበት ተቀመጡ። ጋሪ ክላይን የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስተዋወቀው ዘዴ አለ። «አንድ ዓመት አልፏል፤ ለውጡ ሙሉ በሙሉ ከሽፏል። ምን ሆኖ ነው?» ብላችሁ ሁላችሁም ለየብቻ ጻፉ። «ይከሽፍ ይሆን?» ከሚለው ይልቅ «ከሽፏል» ማለቱ አፍ ይከፍታል። ለማጽናናት ሲል ዝም ያለ ሰው ስጋቱን ያወጣዋል። ከተጻፉት ውስጥ ሦስቱን ምረጡና ለእያንዳንዱ ማን ምን እንደሚያደርግ ተስማሙ።

8. ውሳኔውን በቀንና በቅድመ ሁኔታ እሰሩት

«ጊዜው ሲደርስ» የሚባል ቀን ካላንደር ላይ የለም። እንዲህ ጻፉ፦ «እስከዚህ ቀን አምስት ሰው ካነጋገርኩ፣ ሁለት ሥራ ሠርቼ ካስረከብኩ፣ የስድስት ወር ወጪ ከቆጠብኩ፣ ማመልከት እጀምራለሁ። ካልሆነ አማራጩን እሰርዛለሁ።»

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የጥንቃቄ ወሬ ነው፤ ግን መቆየትም ዋጋ አለው። ስቲቨን ሌቪት የተባለው ኢኮኖሚስት መወሰን ያቃታቸው ሰዎች በድረ ገጽ ላይ ሳንቲም እንዲጥሉ አደረገ፤ ከ20 ሺህ በላይ ሳንቲም ተጣለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ሥራ መልቀቅን በመሰሉ ትልልቅ ውሳኔዎች ላይ ለውጥ ያደረጉት ከስድስት ወር በኋላ ካላደረጉት ይልቅ ደስተኛ ነን ብለዋል። ተሳታፊዎቹ በፈቃዳቸው የገቡ ስለሆኑ ለሁሉም ሰው ይሠራል አልልም። ግን ሁሉን አጣርታችሁ፣ ሚዛኑ እኩል ሆኖባችሁ ከቆማችሁ እኔ ወደ መሄዱ አደላለሁ።

9. በሥርዓት ውጡ

ሲቪውን ስትጽፉ የድሮውን ሥራ በአዲሱ ቋንቋ ግለጹት። «የወር ሪፖርት አዘጋጅቻለሁ» የምትለዋ ሴት «የሒሳብ ሪፖርት የሒሳብ ባለሙያ ላልሆኑ ኃላፊዎች በየወሩ አስረድቻለሁ» ትበል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ለምን ቀየርክ?» ወይም «ለምን ቀየርሽ?» መባሉ አይቀርም። መልሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሁን፤ የሚስባችሁን እና የሞከራችሁትን ተናገሩ። የቀድሞ አለቃችሁን አታንሱ። ሰሚው የሚያስበው ነገ ስለ እሱ ምን እንደምትሉ ነው።

አዲሱን ውል ፈርሙ፤ ከዚያ የድሮውን ልቀቁ። በቃል የተነገረ «ተቀብለንሃል» ውል አይደለም። የመልቀቂያ ደብዳቤው ሦስት መስመር ይብቃው፦ መልቀቃችሁን፣ የመጨረሻ ቀናችሁን፣ ምስጋና። ብሶት እዚያ ላይ አይጻፍም፤ ፋይል ውስጥ ይቀመጣልና። የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ጨርሱ። በእጃችሁ ያለውን ሥራ የሚረከበው ሰው ሳይደውልላችሁ እንዲሠራ አድርጋችሁ ጻፉለት። ያልተጠቀማችሁበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይከፈል እንደሆነ ጠይቁ። የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት በእጃችሁ ተቀበሉ፤ ስማችሁ፣ የሥራ መደቡና ቀኖቹ ትክክል መሆናቸውን እዚያው አይታችሁ።